አዲሱ ለአሮጌው ምን ዕዳ አለበት?

አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ነባሩ ምን ይሁን? ይህ ጥያቄ የፈላስፎች ብቻ አይደለም። ቤት የሚያድስ ሰው፣ ሕግ የሚያሻሽል ሸንጎ፣ በሰው አገር ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ፣ ሁሉም ሳያውቁት በየዕለቱ ይመልሱታል። አንዱ ነባሩን ንዶ ከመሠረቱ ይጀምራል። ሌላው ነባሩን ጠቅልሎ ያስቀምጥና ማንም እንዳይነካው ያዝዛል። የመጀመሪያው ትናንትን ይክዳል፤ ሁለተኛው ነገን ይከለክላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል በእውነት የሚያስኬድ መንገድ አለን? ካለስ የመንገዱን ወጪ የሚሸከመው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ሥነ ምግባር ብዙ ጊዜ ከማይፈለግበት ሥፍራ፣ ከኮምፒውተር ዓለም ተነሥተን ልናየው እንችላለን። ሜይንፍሬም የሚባሉት ታላላቅ ኮምፒውተሮች በዓለም ያሉ ትልልቅ ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና መንግሥታት ሒሳባቸውን የሚያካሂዱባቸው ማሽኖች ናቸው። ስለ እነርሱ ብዙ አይወራም። ሆኖም ግን በውስጣቸው ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ የተጠበቀ አንድ ቃል ኪዳን አለ፤ ያ ቃል ኪዳን እንዴት እንደተጠበቀ መመርመር ከላይ ላነሣነው ጥያቄ ብርሃን ይሰጣል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1964 በፊት አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እርስ በርሳቸው የማይግባቡ ልዩ ልዩ የኮምፒውተር ዘሮችን ይሸጥ ነበር። አንድ ድርጅት ሥራው ሰፍቶ ትልቅ ማሽን ሲገዛ በትንሹ ማሽን ላይ ለዓመታት ያጻፋቸው ፕሮግራሞች ዋጋ ያጡና እንደገና መጻፍ ይኖርባቸው ነበር። ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ኩባንያው ሲስተም/360 የተባለውን የማሽኖች ቤተሰብ አስተዋወቀ። ጂን አምዳል፣ ኼሪት ብላው እና ፍሬድሪክ ብሩክስ የነደፉት ይህ ቤተሰብ በአንድ ታላቅ ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር፤ ይኸውም ማሽኑ ለፕሮግራሙ የሚሰጠው ቃል አንድ ነገር፣ ያ ቃል በምን ዓይነት ሽቦና ብረት እንደሚፈጸም ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚል ነው። ቃሉን «አርክቴክቸር» ብለው ጠሩት። ማሽኑ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ ርካሽ ይሁን ውድ፣ ያው ትእዛዝ ያንኑ መልስ ይሰጣል። የፍጥነቱ ልክ ግን እንደ ማሽኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማሽኖቹ ብዙ ጊዜ ተለዋውጠዋል። በየትውልዱም ፕሮሰሰሩ አዳዲስ ትእዛዞች ተምሯል። በ2003 መልእክት በምስጢር የሚያስሩና የሚፈቱ ትእዛዞች መጡ። በ2015 ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ የሚያሰሉ ትእዛዞች ተጨመሩ። በ2019 ደግሞ መረጃን አጥብቆ የሚያሽግና መዝገብን በቅደም ተከተል የሚያሰልፍ ችሎታ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ገባ። በ1960ዎቹ የተጻፈ የደመወዝ ወይም የሒሳብ ፕሮግራም እነዚህን አንዳቸውንም አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። ነገር ግን ዛሬም በአዲሱ ማሽን ላይ ሊሠራ ይችላል። ታዲያ አዲሱ ችሎታ አሮጌውን ሳያሰናክል እንዴት ጥቅም ላይ ይውላል?

መልሱ «ጠይቅ፣ አትገምት» በሚል ቃል ሊጠቃለል ይችላል። ፕሮሰሰሩ የሚያውቃቸውን ችሎታዎች በዝርዝር የሚያስቀምጥ አንድ ትእዛዝ አለው። እያንዳንዱ ችሎታ በዝርዝሩ ውስጥ የራሱ ቢት አለው፤ ቢቱ 1 ከሆነ ችሎታው አለ፣ 0 ከሆነ የለም ማለት ነው። ዜድ/ኦ.ኤስ. የተባለው ስርዓተ ክወና ሥራ ሲጀምር ይህን ዝርዝር ያነባል፤ ለሚመጡ ፕሮግራሞችም እንዲታይ ያደርጋል። መዝገብ የሚያሰልፈው አገልግሎት «ይህ ማሽን አዲሱን ትእዛዝ ያውቃልን?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያውቅ ከሆነ በአዲሱ መንገድ ይሄዳል፤ የማያውቅ ከሆነ የቀድሞውን ረጅም መንገድ ይይዛል። ሳይጠይቅ አዲሱን ትእዛዝ የሚሰጥ ፕሮግራም ግን ትእዛዙን በማያውቅ ማሽን ላይ ሲደርስ ወዲያው ይቋረጣል። አሮጌው ፕሮግራም በበኩሉ ስርዓተ ክወናውን እንደ ወትሮው «ይህን መዝገብ አሰልፍልኝ» ይለዋል፤ ሥራው በአዲስ ትእዛዝ መፈጸሙን አያውቅም፤ ሥራው ቶሎ ያልቅለታል እንጂ የተቀየረበት ነገር የለም።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ጥብቅ ሁኔታ አለ። ሁለቱ መንገዶች በፍጥነት ሊለያዩ ይችላሉ፤ በመልስ ግን ሊለያዩ አይገባም። በአዲሱ ትእዛዝ የታሸገ መረጃ በውጭ መልኩ በቀድሞው ዘዴ ከታሸገው ሊለይ ይችል ይሆናል፤ ሲፈታ የሚወጣው ግን ያው ነው። የባንክ ደንበኛ ሒሳብ በአሮጌውም በአዲሱም ማሽን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም አንድ መሆን አለበት። እንግዲህ ታማኝነት ማለት መልክን መጠበቅ ሳይሆን መልስን መጠበቅ ነው ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን ስለ ባህል ስንከራከር የምንስተው ይህን ልዩነት ነው። መልኩ እንዲጠበቅ እየታገልን መልሱ ሲጠፋ ዝም እንላለን፤ ወይም መልኩ ስለተለወጠ ብቻ መልሱ ጠፋ ብለን እናለቅሳለን።

ይሁን እንጂ ቃል መጠበቅ በነፃ አይገኝም። በ1964ቱ ማሽን የአንድ አድራሻ ስፋት 24 ቢት ነበር፤ ይህም ወደ 16 ሚሊዮን የሚጠጉ የማኅደረ ትውስታ ሥፍራዎችን ለመጥራት ያስችላል። አድራሻው የሚቀመጥበት ቃል ግን 32 ቢት ስለነበረው ማሽኑ የማይመለከታቸው 8 ቢቶች ባዶ ቀርተው ነበር። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ደግሞ ማኅደረ ትውስታ እንደ ወርቅ ውድ በነበረበት በዚያ ዘመን ባዶውን ሥፍራ ዝም ብለው አላለፉትም፤ የየራሳቸውን ምልክት አኖሩበት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አድራሻው መስፋት ሲኖርበት ባዶ የተባለው መሬት ሰው ሰፍሮበት ተገኘ። ከሁሉ በላይ የመጀመሪያዋ ቢት «ዝርዝሩ እዚህ ላይ አበቃ» የሚል ምልክት ማኖሪያ ሆና በብዙ ፕሮግራሞች ዘንድ ልማድ ሆና ነበር። ስለዚህ አዲሱ አድራሻ 32 ሳይሆን 31 ቢት ሆነ። አንዲት ቢት መተው ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሊገኝ ከሚችለው ሥፍራ ግማሹን መተው ማለት ነው፤ ከ4 ቢሊዮን በላይ ሊሆን ይችል የነበረው ከ2 ቢሊዮን ጥቂት በለጠ። የሰፈሩትን ላለማፈናቀል ሲባል ግማሹ መሬት ተተወ። በ2000 አድራሻው ወደ 64 ቢት ሲሰፋም የ24ቱና የ31ዱ መንገዶች አልተዘጉም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ወገኖች የሚማሩት አላቸው። ባዶ ቦታ ያገኘ ሰው «ማንም አይመለከተውም» ብሎ ቢሰፍርበት የነገውን ሰው ዕዳ ውስጥ ይከታል። ባለቤቱ ደግሞ «ይህ ለነገ የተጠበቀ ነው» ብሎ አስቀድሞ ካላጠረው፣ በኋላ የሰፈሩትን ለመውቀስ አፉን ሞልቶ መናገር አይችልም። ዛሬ የአርክቴክቸሩ መጻሕፍት ገና ያልተመደቡ ቢቶች ዜሮ ሆነው እንዲቀመጡ በግልጽ ያዝዛሉ። ለሚመጣው ትውልድ ቦታ መተው ከባድ ምግባር ነው፤ የሚመጣው ትውልድ ዛሬ ተገኝቶ አያመሰግንምና።

ለመሆኑ ቃል ኪዳኑ ስሕተትንም ይጨምራልን? ይህ ጥያቄ በዚያው በ1960ዎቹ ተነሥቷል። የሲስተም/360 የክፍልፋይ ቁጥሮች ስሌት ጉድለት ነበረበት፤ በረጅሙ ስሌት ላይ የትክክለኝነት መጠበቂያ የሚሆን አንድ ተጨማሪ አኃዝ አልነበረውም። ተጠቃሚዎች አቤት ባሉ ጊዜ ኩባንያው በየደንበኛው ቤት የተተከሉትን ማሽኖች ሳይቀር አስተካከለ። በሌላ በኩል የስሌቱ መሠረት 16 መሆኑ ብዙ የሒሳብ ሊቃውንትን አላስደሰተም፤ ይህን ግን አልለወጠውም። በ1998 በዓለም አቀፍ ደንብ የጸደቀው የክፍልፋይ ስሌት ሲመጣ እንደ አዲስ ትእዛዝ በጎን ተጨመረ እንጂ የአሮጌውን ትእዛዝ ትርጉም አልወሰደም። እንግዲህ ስሕተትና ልማድ አንድ አይደሉም። ማንም ሊደገፍበት የማይገባው ስሕተት ይታረማል። ሰዎች አምነው ቤት የሠሩበት ልማድ ግን የተሻለ ነገር ቢመጣም በአንድ ሌሊት አይነጠቅም፤ የተሻለው አጠገቡ ይቆማል፤ የፈለገ ወደርሱ ይሻገራል።

አማርኛ አንባቢ ይህን ሲሰማ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም፤ ፊደላችን ራሱ የተሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ጥንት የግእዝ ጽሕፈት ተነባቢ ድምፆችን ብቻ የሚያሳይ ነበር። በ4ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ ዒዛና ዘመን ገደማ፣ አናባቢው በፊደሉ ላይ መታየት ጀመረ። በዚያን ጊዜ አዲስ ፊደል አልተፈጠረም፤ የነባሩ ቅርጽ በመጀመሪያው ረድፍ እንዳለ ቀርቶ በእግሩ፣ በጎኑና በራሱ ላይ ጥቂት ምልክት እየተጨመረ ሉ፣ ሊ፣ ላ እየተባለ ቀጠለ። ከብዙ ዘመን በኋላ አማርኛ የራሱን ድምፆች መጻፍ ሲፈልግም እንዲሁ አደረገ። ከሰ ሸን፣ ከተ ቸን፣ ከነ ኘን፣ ከደ ጀን፣ ከጠ ጨን አወጣ። በዚህም የአማርኛ አንባቢ የግእዝን መጽሐፍ ከፍቶ ትርጉሙ ቢያመልጠው እንኳ ፊደሉ አያመልጠውም።

ይህም ቢሆን ወጪ አለው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ አንደበት አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። በ20ኛው መቶ ዘመን ፊደሉ ይቀነስ፣ ይሻሻል የሚሉ ሐሳቦች ደጋግመው ተነሥተዋል፤ ሕፃናት ለምን ይቸገራሉ የሚለው ክርክርም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በግእዝ ግን «ሰአለ» ለመነ ማለት ሲሆን «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ማለት ነው። አንዱን ፊደል የሚያስቀር ሰው በአማርኛ የሚያተርፈው ጥቂት ድካም ነው፤ በግእዝ የሚያጠፋው ግን ትርጉም ነው። ፊደላችን ወደ ኮምፒውተር በገባ ጊዜም ይኸው ጉዳይ በአዲስ መልክ መጣ። በመጀመሪያ የየራሱን ቁጥር የሚሰጥ ልዩ ልዩ ፊደል ሠሪ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። በ1999 የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ለሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ሲጨመሩ፣ ቀድሞ የገቡት ቁጥራቸው አልተነካም። አዲሱ ተጨመረ፤ ነባሩ ከቦታው አልተነሣም።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ለነባሩ ጥብቅና የቆመ ይመስላል። የተቃራኒው ወገን ክርክር ግን ሊሰማ ይገባዋል። እያንዳንዱ አሮጌ መንገድ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ጠባቂ ደመወዝ ይፈልጋል። ሁለት መንገድ ያለው ፕሮግራም ሁለት ጊዜ መፈተሽ አለበት። በየእርምጃው «ይህ ችሎታ አለን?» ብሎ መጠየቅም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ዜድ/ኦ.ኤስ. ራሱ ለማሽኖች ያለው ትዕግሥት ወሰን አለው። በ2023 የወጣው 3.1 እትም በ2017 ከወጣው ዜድ14 በታች ባለ ማሽን ላይ አይሠራም። ወለሉን ከፍ ያደረገው ከዚያ በላይ ያሉት ሁሉ የሚያውቁትን ትእዛዝ ሳይጠይቅ እንዲጠቀምበት ነው። እንግዲህ ቃል ኪዳኑ የተሰጠው ለማን እንደሆነ እዚህ ላይ ይገለጣል። አሮጌ ፕሮግራም በአዲስ ማሽን ላይ እንዲሠራ ቃል ተገብቷል፤ አዲስ ስርዓተ ክወና በአሮጌ ማሽን ላይ እንዲሠራ ግን ማንም ቃል አልገባም። ዕዳው በአዲሱ ላይ ነው፤ አሮጌው አዲሱን የመሸከም ግዴታ የለበትም፤ አዲሱም የአሮጌውን ማሽን ዕድሜ የማራዘም ግዴታ አልገባም።

ይህ ሚዛናዊ ይመስላል፤ ለባለጸጋ ባንክ በእርግጥም ሚዛናዊ ነው። ካምዎክያ ላይ ሁለተኛ እጅ ኮምፒውተር ገዝቶ የኮሌጅ ትምህርቱን ለሚከታተል ወጣት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 አዲስ የደኅንነት ቺፕና በተወሰነ ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በ2024 የወጣው እትሙ ደግሞ በአንድ ቁጥር ውስጥ ስንት 1 እንዳለ የሚቆጥር አንድ ትእዛዝ በሌለው ፕሮሰሰር ላይ ጨርሶ አይነሣም። ይህን ትእዛዝ የማያውቁት በጣም ያረጁ ማሽኖች ናቸው፤ ለብዙው ሰው በሩን የዘጋበት የፕሮሰሰሩ ዝርዝርና የደኅንነት ቺፑ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሲያበቃ ምንም ያልተሰበረ፣ ትናንት የሠራ፣ ዛሬም የሚሠራ ማሽን «ያረጀ» የሚል ስም ወጣለት። የደኅንነቱ ምክንያት ሐሰት አይደለም፤ አዲሱ ቺፕ በእርግጥ ይጠብቃል። ግን ምርጫው የማን ነበር? ወጪውስ በማን ላይ ወደቀ? መወሰን የቻለው ወገን ሳይከፍል፣ መወሰን ያልቻለው ሲከፍል ነገሩ ከቴክኒክ ወጥቶ የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል።

በሜይንፍሬሙ ታሪክ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን አንድ መልካም ምሳሌ አለ። ስርዓተ ክወናዎች ራሳቸው ከ2000 በፊት በነበረው አርክቴክቸር ይነሡበት የነበረው አሠራር በዜድ14 ላይ ቀረ። ኩባንያው ይህን አስቀድሞ አሳውቆ ነበር። ተራው ፕሮግራም ግን፣ ያ በ24 ቢት አድራሻ የተጻፈው ሽማግሌ፣ አልተነካም። ከባዱን ለውጥ እንዲሸከም የተደረገው ስርዓተ ክወናው ነው፤ ጸሐፊዎች አሉት፣ የሚያድሱት ባለሙያዎች አሉት፣ ሊሸከም ይችላል። የሽማግሌው ፕሮግራም ጸሐፊ ምናልባት ጡረታ ወጥቷል፤ ምናልባት አርፏል፤ የጻፈበት ወረቀትም ጠፍቶ ይሆናል። ስለዚህ መጋቢው ተለወጠ፤ እንግዳው አልተነሣም። በእኔ እምነት የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የለውጥ ሸክም መሰጠት ያለበት ለመለወጥ አቅም ላለው ነው።

አንድ ነገርን ማቆየት ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። በ1908 የተመሠረተውና ከ1954 ጀምሮ በኪራ መንገድ ላይ ባለው ሕንጻ የሚገኘው የኡጋንዳ ሙዚየም ለካምዎክያ ነዋሪ ጎረቤት ነው። በሙዚየም ውስጥ ጦርና ጋሻ በመስታወት ሥር ይቀመጣል፤ ያ አንዱ ዓይነት ነው፤ ዕቃው ይድናል፤ ሥራው ግን ያበቃል። ከበሮ ግን ሲመታ ነው ከበሮ የሚሆነው። የሜይንፍሬሙ ቃል ኪዳን የሁለተኛው ዓይነት ነው፤ አሮጌውን ፕሮግራም ለማስታወሻ አላስቀመጠውም፤ በየሌሊቱ ሥራ ይሰጠዋል። ቋንቋና ሥርዓትም በሁለቱ በአንዱ ይቆያሉ። በበዓል ቀን ብቻ የሚወጣ አማርኛ በመስታወት ሥር ያለ አማርኛ ነው።

በዚህ ከተማ የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ሳይነገራቸው የሚሠሩትን ብናስተውል የማሽኑን ሕግ እናገኝባቸዋለን። በገበያ ለሻጯ በሉጋንዳ፣ በትምህርት ቤት ለመምህሩ በእንግሊዝኛ፣ በቤት ለአያት «እንደምን አደሩ» ብለው በአንቱታ ይናገራሉ። ከመናገራቸው በፊት «ይህ ሰው የሚያውቀው የትኛውን ነው?» ብለው በልባቸው ይጠይቃሉ። አዲስ ችሎታቸው የቀድሞውን አልሻረውም። ንጽጽሩ ግን እስከ መጨረሻ አይሄድም። ማሽኑ በሁለቱም መንገድ አንድ መልስ ይሰጣል፤ ሰው ግን በሌላ ቋንቋ ሲናገር የሚለው ነገር በጥቂቱም ቢሆን ይለወጣል። «እርስዎ» እና «አንተ» የሚለይ አንደበት ወደማይለይ ቋንቋ ሲሻገር በመንገድ የሚቀር አክብሮት አለ። ስለዚህ ልጁ አያቱን በእንግሊዝኛ ቢያናግራቸው አያት ቢገባቸው እንኳ ያው መልስ አልደረሳቸውም። የአሮጌውን መንገድ ክፍት ማድረግ በሰው ዘንድ ከማሽን ይልቅ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚተካው ሌላ መንገድ የለምና።

ከዚሁ ጋር ወላጅም የራሱ ግዴታ አለበት። መለወጥ የሚችለው ማን ነው ብለን ስንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ልጁ ብቻ መሆን የለበትም። ሰባ ዓመት የሞላቸው አያት ሉጋንዳ እንዲማሩ መጠየቅ ግፍ ነው፤ የአርባ ዓመት አባት ግን የልጁን የትምህርት ቤት ቋንቋ ሊማር ይችላል። መጋቢው እርሱ ነውና ከሁለቱ ወገን መካከል ቆሞ ሸክሙን መውሰድ ይገባዋል። ልጁን «አማርኛህ ጠፋ» እያለ የሚወቅስ፣ ራሱ ግን በቤት ውስጥ በአማርኛ አንድ ተረት ያልነገረ አባት፣ ቃል ሳይሰጥ ታማኝነትን የሚጠይቅ ነው።

አዲሱ ለአሮጌው ያለበት ዕዳ እንግዲህ ለዘላለም ተሸክሞት መኖር አይደለም። ሳይጠይቅ አለመገመት፣ የሚሄድበት ሰው እስካለ ድረስ መንገዱን አለመዝጋት፣ መዝጋት ግድ ሲሆን አስቀድሞ መናገርና ሸክሙን በአቅመ ቢሱ ላይ አለመጣል ነው። አሮጌውም ዕዳ አለበት፤ ባዶ ሆኖ ያየው ሥፍራ ሁሉ የእርሱ እንዳልሆነ፣ ገና ላልተወለዱት የተተወ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ይኖርበታል።